ሁለት ብስክሌት ወደ አንኮበር

[መግቢያ ሙዚቃ፤ ዝቅ ይላል]



የዛሬውን ርእስ የሰጡን ሁለት ጓደኛሞች ናቸው። በደብዳቤያቸው እንደነገሩን ከአዲስ አበባ በብስክሌት ተነሥተው ደብረ ብርሃን ሊያድሩ፣ በማግሥቱም አንኮበር ሊገቡ አስበዋል። በዚሁ ሰበብ ገንዘብ አሰባስበው አንኮበር አካባቢ ላለ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ደብተርና እስክርቢቶ ሊገዙ ነው። አንደኛው ከልጅነቱ ጀምሮ ብስክሌት ላይ ያደገ ነው። ሌላኛው በሰዓት ከሚከራይ ብስክሌት ያለፈ ልምድ የለውም። ምን ይዘን እንሂድ፣ ስንት ሳምንት እንለማመድ፣ የትኛው ጎማ ይሻለናል እያሉ ስለ ብስክሌቱ ሁለት ገጽ ሙሉ ጠይቀዋል። ስለ ገንዘቡ የጻፉት ሁለት መስመር ብቻ ነው።

እኔ ከሁለቱ መስመር ልጀምር። ከአዲስ አበባ አንኮበር በደብረ ብርሃን በኩል 170 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይህን ያህል ፔዳል መርገጥ በልምምድ የሚገኝ ነገር ነው። የሌላ ሰው ገንዘብ ይዞ መንገድ መውጣት ግን በልምምድ አይገኝም።

አንድ የዋህ የሚመስል ጥያቄ ላንሣ። እናንተ ስላላባችሁ ሌላው ሰው ለምን ኪሱ ይገባል? ደብተሩን መርካቶ ገዝቶ በመኪና መላክ አይቀልም ወይ? ይቀላል። እንደውም ይረክሳል። ታዲያ የብስክሌቱ ጥቅም ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1981 ግንቦት ላይ ካርል ሃይንዝ በም የተባለው ተዋናይ በጀርመን ቴሌቪዥን በሚተላለፍ የውርርድ ፕሮግራም ላይ ቀረበ። በፊልም የኦስትሪያን ንጉሠ ነገሥት ሆኖ ሲጫወት ያየው ሕዝብ ብዙ ነው። ያን ዕለት ግን በረኃብ ለተጎዱ ሰዎች ከተመልካቹ ሲሶው እንኳ አንድ አንድ ማርክ አይሰጥም ብሎ ተወራረደ። ውርርዱን እሱ ረታ፤ ሲሶው አልሰጠም። ሆኖም ከአንድ ሚሊዮን ማርክ በላይ ተሰበሰበ። በዚያው ዓመት ገንዘቡን ይዞ ኢትዮጵያ መጣ፤ እኛ "ሰዎች ለሰዎች" የምንለው ድርጅትም ተመሠረተ። ሥራውን የጀመረው በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ነው፤ ከዓመታት በኋላ እዚሁ ሰሜን ሸዋ መርሐ ቤቴ ድረስ ዘልቋል። በም ብስክሌት አልነዳም። ነገር ግን ራሱን አስይዞ ነው የጠየቀው። በአደባባይ ተወራርዶ፣ ከተሰጠው በኋላም ወደ ፊልሙ ሳይመለስ ቀሪ ዕድሜውን ለዚያ ሥራ አዋለ።

ከበም ውርርድ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ቴሪ ፎክስ የተባለ የ21 ዓመት ካናዳዊ ተመሳሳይ ነገር አድርጎ ነበር። ቀኝ እግሩን በአጥንት ካንሰር ምክንያት አጥቷል። በሰው ሠራሽ እግር ካናዳን ከዳር እስከ ዳር ሊሮጥ ተነሣ፤ የጠየቀውም ለካንሰር ምርምር ከእያንዳንዱ ካናዳዊ አንድ ዶላር ነው። 143 ቀን ሮጦ፣ 5,373 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ በሽታው ወደ ሳንባው በመዛመቱ አቆመ። በቀጣዩ ዓመት አረፈ። ከማረፉ በፊት ግን የተሰበሰበው ከ24 ሚሊዮን ዶላር አልፎ፣ ለአንድ ሰው አንድ ዶላር የተባለው ሞልቷል።

ሁለቱም የጠየቁት ትንሽ መሆኑን ልብ በሉ። አንድ ማርክ፣ አንድ ዶላር። ላብ መያዣ ነው፤ ጠያቂው ከራሱ የሆነ ነገር አስቀድሞ ስላስያዘ ሰጪው ይሰማዋል። እኛም አገር ይህ እንግዳ አይደለም። ለስለት ግሸን ማርያም በእግሩ የሚሄድ ሰው ምን እያደረገ እንደሆነ ማንም ይገባዋል። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የጉዞ ዓድዋ ተጓዦች ከአዲስ አበባ ተነሥተው አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር የሚያልፈውን መንገድ በእግራቸው ሲሄዱ፣ ደብረ ብርሃንም ከሚያርፉባቸው ከተሞች አንዷ ስትሆን፣ ሰው ዳቦና ጠላ ይዞ የሚወጣላቸው አውቶቡስ አጥተው ነው ብሎ አይደለም።

መያዣ ያስያዘ ሰው ግን ዕዳ አለበት። አብዛኛው ቅን ጉዞ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ስሌቱን ለምሳሌ እንሥራው። ሰው በኪሎ ሜትር 10 ብር ቃል ቢገባላችሁ ለ170 ኪሎ ሜትር 1,700 ብር ነው። 60 ሰው ብታገኙ 102,000 ብር ይሆናል። ጥሩ ነው። አሁን ወጪውን ጻፉ፦ ማደሪያ፣ ምግብ፣ ጎማ፣ አጃቢ መኪና ከነነዳጁ፣ በጉዞው ስም የሚታተም ከነቴራ፣ ፎቶ አንሺ። አጃቢ መኪናና ከነቴራ ብቻ ግማሹን ሊውጡት ይችላሉ። ያኔ የለገሰላችሁ ሰው ደብተር የገዛ መስሎት ለእናንተ ሽርሽር ከፍሏል ማለት ነው።

አሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ ፓን ማስ ቻሌንጅ የሚባል የብስክሌት ጉዞ አለ። ቢሊ ስታር የተባለ ሰው እናቱን ካንሰር ከነጠቀው በኋላ እ.ኤ.አ. በ1980 ከሦስት ደርዘን ነጂዎች ጋር ጀመረው፤ በመጀመሪያው ዓመት ያገኙት 10,200 ዶላር ነው። ዛሬ ከተጀመረበት አንሥቶ ለካንሰር ሕክምናና ምርምር የሰጠው ድምር ከአንድ ቢሊዮን ዶላር አልፏል። ምስጢሩ ብስክሌቱ ላይ የለም። ነጂዎቹ ከሰው የሚሰበስቡት ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ወደ ሕክምናው ይሄዳል፤ የጉዞው ወጪ የሚሸፈነው ነጂዎቹ ራሳቸው ከሚከፍሉት መመዝገቢያና ከስፖንሰር ነው። ነጂው ቃል የገባውን ያህል መሰብሰብ ካልቻለ ልዩነቱን ከኪሱ ይሞላል። ሁለቱ ኪሶች አይነካኩም።

ስለዚህ እናንተም የጉዞውን ወጪ ከራሳችሁ ቻሉት። ካልቻላችሁ ጉዞውን አሳጥሩት። ሰንዳፋ ድረስ የተነዳ ንጹሕ ጉዞ ወጪው ከልግሥናው ከተቀላቀለበት የአንኮበር ጉዞ ይበልጣል።

ገንዘቡን ማን ይያዝ? እድራችንን እዩት። ዳኛው ሌላ፣ ጸሐፊው ሌላ፣ ገንዘብ ያዡ ሌላ ነው። ይህን ያበጁት ሰዎች የሒሳብ ትምህርት የተማሩ ላይሆኑ ይችላሉ፤ የሰውን ልብ ግን ያውቃሉ። እናንተ ሁለታችሁ ነጂዎች ናችሁ፤ ስለዚህ ገንዘብ ያዥ አትሁኑ። ሕጉም ወደዚያው ይመራችኋል። ከሕዝብ መዋጮ መሰብሰብ እንደ ልብ የሚደረግ ነገር ሳይሆን በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሚገዛ ሥራ ነው። ቀላሉ መንገድ የተመዘገበ ድርጅት አጋር አድርጎ፣ ገንዘቡ በቀጥታ በድርጅቱ ሒሳብ እንዲገባና ደረሰኝ እንዲቆረጥ ማድረግ ነው። በእናንተ የግል ቴሌብር የሚገባ ብር፣ እናንተ መላእክት ብትሆኑ እንኳ፣ ወሬ አያጣም። ከጉዞው በኋላም ስንት ገባ፣ ምን ተገዛ፣ ለማን ደረሰ የሚለውን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለሰጡት ሁሉ ላኩ።

ደብተርና እስክርቢቶ መሆኑን ማን ወሰነ? ርእሰ መምህሩን ጠይቃችኋል? ደብተሩ ባለፈው ወር በሌላ ሰው ተሰጥቶ፣ የጎደለው ወንበር ወይም የውኃ ማጠራቀሚያ ሊሆን ይችላል። ለሴት ተማሪዎች የወር አበባ መጠበቂያም ሊሆን ይችላል። ይህን ማንም በደብዳቤ አይጽፍላችሁም፤ ደውላችሁ፣ ከተቻለም አስቀድማችሁ ሄዳችሁ ነው የምትሰሙት። ደብረ ብርሃን ስትደርሱ ደግሞ ከቀያቸው ተፈናቅለው ዓመታት ያስቆጠሩ ወገኖች በመጠለያ እንዳሉ አትርሱ። እዚያ በኩል ስታልፉ የማየት ግዴታ የለባችሁም፤ እንዳላየ የማለፍ ምክንያትም የላችሁም። ዕቃውንም ከቻላችሁ እዚያው ደብረ ብርሃን ግዙት፤ ማጓጓዣው ይቀንሳል፣ ብሩም ለአካባቢው ነጋዴ ይደርሳል። ልጆቹን አሰልፎ እያንዳንዱን ደብተር እጁ ላይ አድርጎ ፎቶ ማንሣት ግን ይቅርባችሁ። እኔ ይህን ነገር ባየሁ ቁጥር ያስጠላኛል።

[አጭር ሙዚቃ]

አሁን ወደ ጓደኝነቱ እንምጣ፤ ቀጥሎ መንገዱ አለ።

ቴሪ ፎክስ ብቻውን አልነበረም። ዳግ አልዋርድ የሚባል ጓደኛው ቫን መኪና እየነዳ ምግብ ያበስልለት፣ ኪሎ ሜትሩን ይቆጥርለት ነበር። ሁለቱም ልበ ቀና ወጣቶች ናቸው። የካናዳ ምሥራቃዊ ዳርቻ ላይ እያሉ ግን ተኳርፈው መነጋገር ሊያቆሙ ምንም አልቀራቸውም። የቴሪ ወላጆች ከሌላው የአገሪቱ ጫፍ መጥተው ነው ያስታረቋቸው፤ ከዚያም የቴሪ ታናሽ ወንድም አብሯቸው እንዲጓዝ ተደረገ። ሦስተኛ ሰው መሐላቸው ገባ ማለት ነው። ረጅም መንገድ ላይ ጠብ የሚመጣው ከክፋት ሳይሆን ከድካም፣ ከረኃብና ከፍጥነት ልዩነት ነው።

የእናንተ ፍጥነት እንደሚለያይ ከደብዳቤው ገብቶናል። ስለዚህ ዳገት ላይ ደካማው ከፊት ይንዳ። ጠንካራው ከፊት ከሄደ ሳያውቀው ይፈጥናል፤ ከዚያ ቆሞ ይጠብቃል። ኋላ የቀረው ሲደርስ ያኛው አርፏል፣ ይኼኛው ግን ሳያርፍ ጉዞው ይቀጥላል። በቀኑ መጨረሻ አንዱ ሞልቶለት ሌላው ቂም ይዞ ይገባል። ሜዳ ላይና ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ግን ጠንካራው ከፊት ይሁን። አየር ከፊት ያለውን ነው የሚገፋው፤ ከኋላው ተጠግቶ የሚነዳ ሰው በፈጣን ጉዞ ሩብ ያህል ጉልበት ሊተርፍለት ይችላል። ቀስ ብላችሁ ስትሄዱ ትርፉ ያንሳል፤ የደብረ ብርሃን አካባቢ ነፋስ ፊት ለፊት ከገጠማችሁ ግን በዝግታም ቢሆን ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

ልካችሁን የምታውቁት በወሬ ነው። እየነዳችሁ ሙሉ ዐረፍተ ነገር መናገር ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። ብቻውን የሚነዳ ሰው ይህን መለኪያ አያገኝም።

መንገዱ እንግዲህ። ከመገናኛ ተነሥታችሁ በለገጣፎ ትወጣላችሁ፤ የአዲስ አበባን የመጠጥ ውኃ ከሚያቀርቡት አንዱን የለገዳዲን ግድብ በስተጎን ትታችሁ ሰንዳፋ፣ አለልቱ፣ ሸኖ፣ ጫጫ እያላችሁ ደብረ ብርሃን ትደርሳላችሁ። 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ከለገጣፎ ወዲያ ብትሆኑ ይመረጣል። ይህ የደሴ መንገድ ነው፤ ተሳቢውና አይሱዙው ቀን ሲሞቀው ትከሻችሁን እየታከከ ያልፋል። ከከተማ ወጥታችሁም በግ፣ ጋሪና ባጃጅ አይጠፋም። ደማቅ ልብስ፣ የኋላ መብራት፣ ሄልሜት ግዴታ ነው። ልጆች እየሮጡ ይከተሏችኋል፤ አንዳንዴም ድንጋይ ይወረወራል። ፍጥነት መጨመር አይጠቅምም። ቀዝቀዝ ብላችሁ ሰላምታ ስጡ፣ ስማቸውን ጠይቁ፤ ወርዋሪው ልጅ ስሙን ከነገራችሁ በኋላ እጁ ይከብደዋል።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ላይ ትገኛለች። ልዩነቱ 500 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ትንሽ ይመስላል። ወንዝ እየወረዳችሁ እንደገና ስለምትወጡ እግራችሁ የሚቆጥረው ግን ከዚያ በጣም ይበልጣል። አየሩንስ? በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ጎድሏል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ጉድለቱ ወደ 30 ከመቶ ይጠጋል። ለአዲስ አበባ ሰው ጭማሪው ጥቂት ነው፤ ሳንባው ለምዶታል። ከዋሽንግተን ወይም ከለንደን ለዕረፍት መጥቶ በሦስተኛው ቀን አብሬያችሁ ልንዳ የሚል ዘመድ ካለ ግን ከልክሉት። ሰውነት ቀይ የደም ሴል ለመጨመር ሳምንታት ይፈልጋል፤ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ በጀመረው ሰው ላይ ዳገት መጨመር ደግሞ አደጋ ነው።

130 ኪሎ ሜትር በአንድ ቀን ለአዲስ ነጂ ብዙ ነው። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ብትሄዱ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ፔዳል ላይ ናችሁ፤ ዕረፍት ሲጨመር ይመሽባችኋል። ልምድ ለሌለው ጓደኛ ስትሉ ሸኖ እደሩ። ሸኖ በቅቤዋ የታወቀች ናት። ጠዋት ልትነዱ ከሆነ ግን በቅቤ የራሰ ገንፎ ለመመለሻ ይቆያችሁ፤ ስብ ከሆድ ቶሎ አይወርድም።

የሚነዳ ሰው የሚበላው ሌላ ነው። ጡንቻችሁና ጉበታችሁ የሚያከማቹት ስኳር በደንብ ለሚነዳ ሰው ሁለት ሰዓት ያህል ቢያደርስ ነው። ከዚያ በኋላ በየሰዓቱ እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ካልተጨመረ እግር ድንገት ይከዳል፣ ዓይን ይዋልላል፣ ሰው ያለ ምክንያት ይቆጣል። ፈረንጅ ለዚህ በትንንሽ ከረጢት የታሸገ ማር መሳይ ነገር ይሸጣል። የሰሜን ሸዋ ሰው ግን መልሱን ከገብሱ አግኝቶታል። 80 ግራም ያህል በሶ ያንኑ ካርቦሃይድሬት ይሰጣል። ቀድሞውንም ተቆልቶ የተፈጨ ስለሆነ እሳት አይፈልግም፣ ቶሎም አይበላሽም። በጠርሙስ በስኳርና በትንሽ ጨው በጥብጣችሁ ጠጡት፤ ለእረፍት ደግሞ ጭብጦ አድርጋችሁ ያዙ። ቆሎውም ጥሩ ነው፤ ግን እየነዱ ቆሎ መቃም ለመታነቅ ነውና ቆማችሁ ቃሙ። የምትበሉት ሲርባችሁ አይደለም። የሚርባችሁ ካለፈ በኋላ ነው።

ስለ ብስክሌቱ የጠየቃችሁትን በአጭሩ ልመልስ። ዝቅተኛ ማርሽ ያለው፣ ፍሬኑ የሚይዝ፣ ኮርቻው ለቁመታችሁ የተስተካከለ ይሁን፤ ከዚያ ያለፈው ጌጥ ነው። በየከተማው ጎሚስታ አለ፤ ጎማ ይለጥፍላችኋል። ብስክሌታችሁ ቀጭኑ ዓይነት ቫልቭ ካለው ግን የመኪና መንፊያ አይገጥመውም፤ የራሳችሁን ፓምፕና ሁለት ሁለት መለዋወጫ የውስጥ ጎማ ያዙ።

ከጫጫ እስከ ደብረ ብርሃን ባለው አካባቢ አንጎለላ አለች። ዐፄ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱት እዚያ ነው። የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበርንና አንጎለላን እያፈራረቁ ይቀመጡባቸው ነበር፤ እናንተ በሁለት ጎማ የምታያይዟቸው ሁለቱ የቤተ መንግሥት ከተሞች እነዚህ ናቸው። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከሁለቱም በዕድሜ ትበልጣለች። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ከሰማይ ብርሃን ታየ ብለው የቆረቆሯት ናት።

ደብረ ብርሃን ማታ ስትገቡ ላባችሁ ልብሳችሁ ላይ አይድረቅ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ይጥላል። ሌሊቱ እንደ አዲስ አበባ ሌሊት አይደለም። ከተማዋ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት፣ መንዝም ባናና ዝተት የሚሠራው ያለ ምክንያት አይደለም። መጀመሪያ ደረቅ ልብስ ቀይሩ፣ ቀጥሎ ትኩስ ነገር ጠጡ፣ ከዚያ እራት። የደብረ ብርሃን አረቄ ያሞቃል የሚል ሰው አይጠፋም። አያሞቅም። ደምን ወደ ቆዳ አምጥቶ ሙቀት የተሰማችሁ ያስመስልና ሙቀቱን ለብርዱ ያስረክበዋል። ገንዘቡን አስረክባችሁ ስትጨርሱ ያኔ ቅመሱት።

በማግሥቱ ሁለት መንገድ አለ። ዋናው ወደ ጣርማ በር ይቀጥላል። እዚያ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቆፈረው፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው ዋሻ አለ። ጨለማ ነው፣ የጭነት መኪና ይበዛበታል፣ ለብስክሌት አይመከርም። የእናንተ መንገድ ወደ ምሥራቅ ተገንጥሎ ወደ አንኮበር የሚሄደው ነው፤ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ። መጀመሪያ ገብስና በግ በበዛበት ደጋ ላይ ይወጣል፤ ከ3,000 ሜትር ከፍታ ያልፋል። ከዚያ የደጋው ጫፍ ይመጣል። ከወዲያ ወገን ምድሩ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል።

እ.ኤ.አ. በ1841 የመጣውን የእንግሊዝ መልእክተኛ ሃሪስን ጨምሮ ብዙ እንግዳ ወደ አንኮበር የመጣው ከታች ነው፤ ከታጁራ ተነሥቶ በረሃውን አቋርጦ፣ መጨረሻ ላይ ይህን ገደል ሽቅብ ወጥቶ። ሲራራ ነጋዴውም ከቆላው ጨውና ዕቃ ሲያመጣ አልዩ አምባ ገበያ አርፎ ነው ወደ ላይ ያቀና የነበረው። እናንተ የምትመጡት ከላይ ነው። ይህ ዕድል ይመስላል፤ ለብስክሌት ግን ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱ ነው የሚጎዳው።

ምክንያቱን በቁጥር ልንገራችሁ። ነጂው፣ ብስክሌቱና ጓዙ አንድ ላይ 95 ኪሎ ቢመዝኑና 600 ሜትር ቁልቁል ቢወርዱ ወደ 560 ኪሎ ጁል ጉልበት ይለቀቃል። ፍሬን እየያዛችሁ ከወረዳችሁ አብዛኛው ወደ ሙቀት የሚለወጠው ሁለቱ ቸርኬዎች ላይ ነው። ሁለት ሊትር የማይሞላ ቀዝቃዛ ውኃ በድስት ጥዳችሁ እስኪፈላ የሚወስደው ሙቀት ይህን ያህል ነው። ቸርኬው ሲግል የፍሬኑ ጎማ ይለሰልሳል፣ የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ከባሰም የውስጥ ጎማው ይፈነዳል። ስለዚህ ፍሬኑን ይዛችሁ አትንጠልጠሉ። ጠበቅ አድርጋችሁ ፍጥነት ቀንሱ፣ ከዚያ ልቀቁ፣ የፊቱንና የኋላውን አፈራርቁ። ደረታችሁን ቀና አድርጉት፤ ነፋሱ ራሱ ያዘገያችኋል፣ ክፍያም አይጠይቅም። በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ ቁሙ። ቸርኬውን በእጅ አትንኩት፤ ለማቀዝቀዝ ብላችሁም ውኃ አታፍስሱበት። ጉም ከወረደ ደግሞ ወርዳችሁ ብስክሌቱን እየገፋችሁ ሂዱ። አንኮበር ላይ ጉም እንግዳ አይደለም፤ የመንገዱ ጠርዝ ግን ያው ገደል ነው።

ቁልቁለት ከመጀመራችሁ በፊት ጃኬትና ጓንት ልበሱ። ዳገት ላይ ያላበው ሰው ቁልቁለት ላይ ሳይረግጥ ስለሚወርድ ሙቀት አያመነጭም፤ እርጥብ ልብስና ነፋስ ጣቱን ያደነዝዙታል። የደነዘዘ ጣት ፍሬን አይዝም። ጃኬት የሌለው ጋዜጣ አጥፎ ደረቱ ላይ ከሸሚዝ ሥር ያስገባ፤ የአውሮፓ ተወዳዳሪዎች ተራራ ጫፍ ላይ ከተመልካች ጋዜጣ እየተቀበሉ እንዲሁ ሲያደርጉ ኖረዋል። ተወዳዳሪ ካነሣን አይቀር፣ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌት ነጂዎችም ነበሯት፤ ገረመው ደንቦባ ከእነሱ አንዱ ነው። ጽጋቡ ግርማይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ሩጫው ጋረደው እንጂ ይህ ስፖርት ለእኛ ባዕድ አልነበረም።

አንድ ነገር ሳልናገር ብቀር ቅር ይለኛል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ምክንያት መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ። ከመነሣታችሁ በፊት በየከተማው ያለ ሰው ጠይቁ፤ የሹፌሮች ወሬ ከማንም ይቀድማል። አጠራጣሪ ከሆነ አትሂዱ። ቃል የገባችሁትን ኪሎ ሜትር ግን የትም ልትነዱት ትችላላችሁ። ያ ቅድም ያነሣሁት የማሳቹሴትስ ጉዞ እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ምክንያት መንገድ ሲዘጋበት፣ ነጂዎቹ በያሉበት ሰፈር ነድተው ገንዘቡን አስገብተዋል። አዲስ አበባ ውስጥ መኪና በማይበዛበት መንገድ ላይ እየተመላለሳችሁ 170 ኪሎ ሜትር መሙላት ይቻላል። ያሰለቻል እንጂ ይቻላል። ለትምህርት ቤቱ የሚደርሰው ነገር ያው ነው።

በመጨረሻ፣ ደብዳቤያችሁ ላይ ያላገኘሁት መመለሻውን ነው። አንኮበር ከደረሳችሁ በኋላ በምን ልትወጡ ነው? የወረዳችሁት ሁሉ ከፊታችሁ ቆሞ ይጠብቃል፤ የደከመ እግርም ያን ዳገት አይወድም። ከወዲሁ ጠይቃችሁ ብስክሌት የሚጭን መኪና እስከ ደብረ ብርሃን ተነጋገሩ፤ ዋጋውንም ሳትሄዱ ቁረጡት። እዚያ ሆኖ የሚጠየቅ ዋጋ የደከመ ሰው ዋጋ ነው። ሒሳቡንም ከራሳችሁ ወጪ ላይ ጻፉት።

ሌሎቻችሁም ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልን። 

[መዝጊያ ሙዚቃ]